ማክሰኞ ማክሰኞ ደህና የሚሆን ማሽን

ደመወዝ እየተከፈለኝ ስድስት ወር ሙሉ አሟርቻለሁ። ሌላው ሰው በነፃ አሟርቶ ይሰደባል፤ እኔ ግን የሥራ መደብ ተፈቅዶልኝ፣ ቱታ ተሰፍቶልኝ፣ መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው ያሟረትኩት። ስድቡ ግን አልቀረልኝም።

ነገሩ የተጀመረው፣ እንደ አገራችን ብዙ ነገር፣ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። የአገሩ ሥልጠና ሁሉ የሚሰጠው እኛ ከተማ ነው። ሰው ከየክልሉ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ብስኩት በሻይ ይበላል፣ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ይመለሳል። የእኛ ዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ለሥልጠናው የሄደው ከፋብሪካው በር በባጃጅ የሚደረስበት ሆቴል ነበር፤ ሲመለስ ግን ባሕር ማዶ ከርሞ የመጣ ይመስል ነበር። ሰበሰበንና «ከእንግዲህ ማሽን ሲሰበር አንሯሯጥም። ሳይሰበር እናውቃለን!» አለን።

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። በማጨብጨብ ማንም አይቀድመንም።

ከዚያ «ማን ይሥራው?» ተባለ፤ ያጨበጨበው እጅ ሁሉ ኪስ ገባ። እኔ ያን ጊዜ ጥገና ክፍል ውስጥ ዕቅድ አዘጋጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ስምንት ዓመት የመለዋወጫ ስቶር ጠብቄያለሁ። «እሷ ጽሕፈቷ ያምራል» አለ አንዱ፤ በዚያው ተመረጥኩ። እናቴ ትሙት፣ ሌላ መመዘኛ አልነበረም። ንዝረት የሚለካ አንድ መሣሪያ፣ ሙቀት ከሩቅ የሚያነብ አንድ መሣሪያ ተገዛልኝ። ጊዜውም ተቆረጠ። «በስድስት ወር ውስጥ አንድ ብልሽት፣ አንድ ብቻ፣ ሳይደርስ አግኝልኝ። ሥራው ይቀጥላል። ካልሆነ ወደ ስቶርሽ ትመለሻለሽ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ስቶር ማለት በፍርግርግ መስኮት ጓንትና ግራሶ እያደሉ ማስፈረም ነው። ስምንት ዓመት አድያለሁ፤ ይበቃኝ ነበር።

ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። እንዴት ያለ ዕቅድ መሰላችሁ! ከምድር ቤቱ የስንዴ መቀበያ እስከ ስድስተኛው ፎቅ ያለውን ማሽን ሁሉ ዘረዘርኩ። የትኛው ቢቆም ፋብሪካው ይቆማል፣ የትኛው ቢቆም ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል ብዬ ለየሁ። የሚሽከረከር ዘንግ ሁሉ የሚሸከመው ኩሽኔታ አለው፤ ውስጡ የብረት ኳሶች የታጨቁበት ቀለበት ማለት ነው፤ ማሽን ሲታመም መጀመሪያ የሚያቃስተው እሱ ነው። በየኩሽኔታው ላይ መሣሪያዬ የሚያርፍበትን ቦታ በቀይ ነጥብ አመለከትኩ። ኦፕሬተሩ በየቀኑ የሚሞላው አንድ ቅጽ፣ እኔ በየሳምንቱ ማክሰኞ ለክቼ የምሞላው ሌላ ቅጽ ሠራሁ። አረንጓዴ ማለት ደህና፣ ቢጫ ማለት ይታይ፣ ቀይ ማለት ይቁም። ባለቤቴ የወረቀቱን ክምር አይቶ «ሠርጋችንን እንኳ እንዲህ አላቀድሽውም» አለኝ። ልክ ነው፤ ሠርጉን ያቀደችው አክስቴ ናት።

በሳምንቱ ቅጾቹን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ድምፅ፦ ደህና። ሙቀት፦ ደህና። ንዝረት፦ ደህና ነው እግዚአብሔር ይመስገን። ከስድስተኛ ፎቅ በመጣው ቅጽ ላይ፣ የሙቀት መጠን በሚለው ሳጥን ውስጥ «አልሃምዱሊላህ» ተብሎ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል። አንዱ ደግሞ ሳጥኖቹን ሁሉ በአንድ መስመር ጠርጎ «ነጋ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አውርዶባቸዋል።

ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ይዤ በየፎቁ እየዞርኩ ጮህኩ። በኋላ ረጋ ብዬ ሳስበው ግን የማን ጥፋት ነው? እኛ እኮ ጥርሳችን እየጠዘጠዘን «እንዴት አደራችሁ» ሲሉን «ደህና፣ እናንተስ» የምንል ሰዎች ነን። ሆስፒታል የተኛ ሰው እንኳ ጠያቂውን ላለማሳሰብ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ይህን ሕዝብ ነው በወረቀት የማሽን ጤና የጠየቅኩት፤ ሕዝቡም ሰላምታዬን መለሰልኝ።

«ቃል አልፈልግም፣ ቁጥር ጻፉ» አልኩ። ቁጥር ጻፉ። በየቀኑ ያው ቁጥር ነው። አንዱን ኦፕሬተር «እንዴት ሳምንት ሙሉ አርባ ሁለት?» ብለው፣ «ታዲያ ምን ጎደለበትና ልቀንሰው?» አለኝ። ተውኩት።

ዋናው ጣጣ ግን የመጣው ሰኞ ሰኞ በሚደረገው የኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ፣ በራሴ መሣሪያ ለክቼ፣ የመጀመሪያውን ቀይ ቅጼን ይዤ ገባሁ። «የፉርሽካ ማጓጓዣው ሞተር ሁለት ሳምንት አይቆይም» አልኩ። የምርት ኃላፊው፣ ማሽን ሲቆም የራሱ ልብ የሚቆም የሚመስለው ሰው ነው፣ እጁን አወናጨፈ፤ «ኧረ ተይ በፈጠረሽ! ሰኞ ጠዋት አታሟርቺብን!» አለኝ። ከጎኑ ያለው «ምንም አይሆን፣ ይሠራል» ሲል «አፍህን በዳቦ!» ተባለ። ስለ ሞተሩ የተያዘው ቃለ ጉባኤ ይኸው ነው።

በአሥረኛው ቀን ሞተሩ ተቃጠለ። እኔ ሞኟ ይቅርታ ስጠብቅ፣ «አላልኳችሁም?» ብዬ ተነሳሁ። የምርት ኃላፊው «አልሽ እንጂ! ስላልሽ ነው የተቃጠለው» አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ «በል እንግዲህ፣ አንድ ብልሽት አገኘሁ» ብለው ደግሞ «ሳይደርስ ነው እኮ ያልኩሽ። ይኼ ደረሰ» ብሎ ሞተሩን ሳይቆጥርልኝ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየፎቁ ስደርስ ሰው ማሽኑ ፊት ቆሞ ይከልልብኝ ጀመር፤ ቡዳ እንደሚፈራለት ሕፃን ልጅ ሊሸፍኑብኝ ምንም አልቀራቸውም።

መገረም አልነበረብኝም። አባቴ ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ሽንኩርት ያለማ ነበር። አንድ ቀን የውኃ ፓምፑ ድምፁን ሲቀይር ሰምቼ «አባዬ፣ ይኼ ፓምፕ ሊሰበር ነው» አልኩት፤ በጥፊ አላሰኝ። በማግስቱ ፓምፑ ቆመ፤ ሁለተኛ ጥፊ ቀመስኩ። ዲፕሎማዬን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ቢሆንም ሙያዬን የጀመርኩት እዚያ ነው።

አሁን ወደ ስድስተኛው ፎቅ እንውጣ። እዚያ ያለው ትልቁ ማራገቢያ ነው። በቤቱ ውስጥ በተዘረጋው ቧንቧ ሁሉ ዱቄቱን ወደ ላይ የሚስበው እሱ ነው፤ እሱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ከባድ የብረት መንኮራኩር ሲከንፍ ይውላል። ጠባቂው ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ አዳማ የኖሩ፣ ጡረታቸው ሊደርስ አንድ ዓመት የቀራቸው አባወራ ነበሩ፤ ሁላችንም «አባባ» ነበር የምንላቸው። የፕላስቲክ ወንበራቸው ከማራገቢያው ቆርቆሮ አንድ ክንድ አይርቅም። ምክንያት ነበራቸው። የቆርቆሮው ክዳን ላልቶ በስንጥቁ ነፋስ ይወጣል፤ በአዳማ ሙቀት፣ ያውም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ምሳቸውን እዚያ ይበላሉ፣ ሰላታቸውን እዚያ ይሰግዳሉ፣ ሲደክማቸው ትከሻቸውን ቆርቆሮው ላይ ጣል ያደርጋሉ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ስደርስ «ኖር ልጄ!» ብለው ብድግ ይላሉ። ወንበሩን በእጅጌያቸው ጠርገው ያቀርቡልኛል። ማራገቢያው ተወልውሎ፣ ዙሪያው ተጠርጎ፣ እንደ ሙሽራ ቤት ተሰናድቶ ይጠብቀኛል። መሣሪያዬን ኩሽኔታው ላይ አሳርፋለሁ፤ ሦስት፣ ሦስት ነጥብ አንድ። እስከ አራት ተኩል አረንጓዴ ነው፤ ከሰባት በላይ ቀይ ነው። አረንጓዴ እቀባለሁ፣ እፈርማለሁ፣ «አላህ ያክብርሽ» ብለው ይሸኙኛል። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። በዕቅዴ ውስጥ የምኮራበት ገጽ የስድስተኛው ፎቅ ነበር፤ እንደ ሣር መስክ ያማረ አረንጓዴ።

በሦስተኛው ወር አንዱ ማክሰኞ በዓል ሆነና ሳልነግራቸው ሐሙስ ወጣሁ። ገና አምስተኛው ፎቅ ላይ የደረጃው ብረት እጄ ውስጥ ሲርገፈገፍ ተሰማኝ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ወለሉ ራሱ ጫማዬን ይኮረኩረኛል። አባባ ደነገጡ። ኖርም አላሉኝ። ያሉኝ «ዛሬ ማክሰኞ ነው እንዴ?» ነው።

መሣሪያውን አሳረፍኩ። ስምንት ነጥብ ስድስት። እንደገና አሳረፍኩ፣ ስምንት ነጥብ ሰባት። «አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ተቅለሰለሱና፣ የአየር መዝጊያውን እያሳዩኝ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ከመምጣቴ በፊት ግማሽ ያህል እንደሚዘጉት ነገሩኝ። መዝጊያው ሲዘጋ ማራገቢያው ሸክሙ ይቀልለታል፤ ንዝረቱም ይቀንሳል።

«ለምን?» ብዬ ጮህኩ።

«እንዴት ለምን ትያለሽ ልጄ? እንግዳ እየመጣ ቤት ተተራምሶ ይጠብቃል? ደግሞም አንቺ ክፉውን አይተሽ ክፉውን ትናገሪያለሽ። አንቺ ከተናገርሽ ይሰበራል። የፉርሽካውን ረሳሽው?»

ቅጾቼን አየኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ የለካሁት የሰውየውን ትሕትና ነው። እየሳቅኩ ነው ወይስ እያለቀስኩ እስኪጠፋኝ ድረስ አፈርኩ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ገባኝ፤ ወንበሩ።

«አባባ፣ ይስሙኝ። ኩሽኔታው ከያዘ ዘንጉ ይሰበራል። ያ ውስጥ ያለው መንኮራኩር ቆርቆሮውን ቀዶ ነው የሚወጣው፤ የሚወጣውም በእርስዎ ወንበር በኩል ነው። ዛሬውኑ ያንሱት።»

«ያረቢ! አትጥሪው ነገሩን! አብሽሪ፣ አጀል ከደረሰ ሞት ምድር ቤትም ይገኛል» አሉኝ።

«አጀል ሌላ፣ ኩሽኔታ ሌላ!» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ወንበሩንም አላነሱትም።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፤ የምርት ኃላፊውም ነበር። ቁጥሩን አሳየሁ። የምርት ኃላፊው የራሴን አረንጓዴ ቅጾች አንድ ባንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። «ይኼ ፊርማ የማን ነው?» አለኝ። የእኔ ነው። «ሁለት ወር አረንጓዴ ስትይን ከርመሽ በአንድ ሐሙስ ቀይ? መሣሪያሽን አሳዪው እንጂ ማሽኑን ተዪው።» መልስ ነበረኝ። አባባ መዝጊያውን ይዘጉት ነበር ብል ሁሉም ነገር ይገባቸዋል፤ አባባ ግን ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ይባረራሉ። ዋጥኩት። የዋጥኩት ነገር እስከ ዛሬ አልተፈጨልኝም።

ሥራ አስኪያጁ «መለዋወጫው አለ?» አለ። ከእኔ በላይ ስቶሩን የሚያውቅ የለም፤ «አንድ አለ» አልኩ።

«አንድ ከሆነማ አይነካም። ለክፉ ቀን ነው የተቀመጠው። ሌላው ተገዝቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ እስኪወጣ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የምናውቀው ነው።»

«ክፉው ቀን እኮ ነው የመጣው! ያ ማራገቢያ ከተሰበረ አባባን ይዞ ነው የሚሄደው!»

«አየህ አይደል?» አለ የምርት ኃላፊው፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አለቃው ዞሮ። «ይኸው ደግሞ ሰው ገደለች።»

ቅዳሜ ወጣሁ። እሑድ ዕረፍቴን ትቼ ወጣሁ። አባባ ሁለቱንም ቀን ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ምሳቸው ጉልበታቸው ላይ። ለመንኳቸው። «ልጄ፣ ሰውን በቁሙ አትቅበሪ» አሉኝ። ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ደርሶ ነበር።

ሰኞ የኃላፊዎች ስብሰባ ነው። እሑድ ከሰዓት በፋብሪካው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ብዬ ለጠፍኩ፦ «የነገው ስብሰባ በስድስተኛ ፎቅ፣ ከማራገቢያው ጎን ይካሄዳል። ማሽኑ ደህና መሆኑን ሁላችሁም ስላረጋገጣችሁ ሻይ እዚያው ይቀርባል።» ሰኞ በማለዳ ስምንት ወንበር አስወጣሁ። በቆርቆሮው ዙሪያ ደረደርኩ። አባባን ወደ ደረጃው አካባቢ እንዲሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቼ አዘዝኳቸው፤ እኔ በእሳቸው ወንበር ተቀመጥኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። በልቤ ልጆቼን እየቆጠርኩ ነው የተቀመጥኩት፤ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ቶሎ እያለቁብኝ እንደገና እጀምራለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ማንም የለም። መልእክት ይገባ ጀመር። የምርት ኃላፊው ጉልበቱን አሞታል፤ ደረጃ መውጣት አይችልም። በዋዜማው ሜዳ ኳስ ሲጫወት ያየሁት ሰው ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ የዱቄት ብናኝ ትፈራለች፤ ዱቄት ፋብሪካ ስትቀጠር አልነገረችንም ነበር። አንዱ ስልኩ ላይ አስቸኳይ ጥሪ መጥቶበታል፤ አንዱ አስቸኳይ ጥሪ የመጣበትን ሊያጽናና ሄዷል። ስምንት ባዶ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ገባኝ እንግዲህ! ሁሉም ያምኑኛል። ሲያምኑኝ የከረሙ ናቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ሰላምታም የለው። «እሑድ ይቁምና ይቀየር» ብሎ ዘጋው። አባባን ጠራኋቸውና «እስከ እሑድ ድረስ መዝጊያው ግማሽ ይዘጋ። በየቀኑ ማክሰኞ ነው» አልኳቸው። በዚያ አባባሌ ግን አልተከራከሩኝም።

እሑድ ፋብሪካው ቆመ፤ መካኒኮቹ ኩሽኔታውን አወጡ፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ገባ። ማራገቢያው ሲነሳ ሁለት ነጥብ አራት አነበብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ዕልል ማለት አማረኝ። ስድስት ወሩ ሊያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ቀርቶት አንድ ብልሽት፣ ሳይደርስ፣ በእጄ ገባ! አባባም በሕይወት አሉ።

ሰኞ ኮሚቴ ተቋቋመ። የወጣው ኩሽኔታ ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ተወልውሎ ነው ስላችሁ! ያበራል። ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በጣታቸው አሽከረከሩት። «ይኼ ነው? ይኼማ አዲስ ነው።» ቀለበቱን በግራይንደር አስቆርጬ ውስጡን አሳየኋቸው፤ ኳሶቹ የሚሮጡበት መስመር ላይ ምስር የምታክል፣ ብረቷ ተፈንቅሎ የወጣ ቦታ። የምርት ኃላፊው መነጽሩን አወለቀና አየ፣ አደረገና አየ። «ለዚች ነው ፋብሪካ ያቆምነው?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲያጠቃልል በጣም ተረጋግቶ ነበር። «ማሽኑ ተሰበረ? አልተሰበረም። ካልተሰበረ ብልሽት ነበረ ማለት አንችልም።» የፉርሽካው ሞተር ሲሰበር «ደረሰ» ተባለ፤ ማራገቢያው ሳይሰበር ሲቀር «አልነበረም» ተባለ። በዚህ ዓይነት ሕግ ነቢይም ቢሆን ሥራ አያገኝም። ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አልጠቀመኝም።

«ምስክር አለኝ» አልኩ። አባባ ተጠሩ። ነጭ ኮፍያቸውን አስተካክለው ገቡ። «ከእሑዱ በፊት ማራገቢያው ላይ ድምፅ፣ ንዝረት፣ የተለየ ነገር ነበረበት?» ተባሉ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። እኔን አላዩኝም።

«ምንም አልነበረውም። ደህና ነበር፤ አልሃምዱሊላህ» አሉ።

የቀረውን ጊዜ ቀይ ቅጽ የሚቀበለኝ አላገኘሁም፤ ስድስት ወሩ ሲሞላ የስቶሩን ቁልፍ ተረከብኩ። መሣሪያዎቼ እንዳይበላሹ ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። አባባን ለአራት ወር ያህል አላናገርኳቸውም። ዕቃ ሲጠይቁ አስፈርሜ እሰጣለሁ፤ «ኖር» ሲሉኝ በወረቀት አሳብቤ አጎነብሳለሁ። ከምርት ኃላፊው ይልቅ በእሳቸው ነበር የተቃጠልኩት። እሱ እኮ ከመጀመሪያው ሲቃወመኝ የነበረ ነው፤ ከእሱ እውነት አልጠበቅኩም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጓንት ሊወስዱ መጡ። ግራና ቀኝ አዩ። ፊታቸውን ወደ ፍርግርጉ አስጠጉ።

«ልጄ፣ ያን ጊዜ ሰደቃ አውጥቻለሁ» አሉኝ።

«የምን ሰደቃ?»

«ኩሽኔታው የወጣ ጊዜ። በግ አረድኩ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራሁ። አላህ ከዚያ መዓት ስላወጣኝ።»

«ከየትኛው መዓት? ደህና ነበር አላሉም?»

«ወላሂ፣ ሁለት ወር ስሰማው ነበር። በጀርባዬ፣ በጥርሴ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። አንቺ ከነገርሽኝ ሐሙስ ወዲህማ እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ምሳዬን አምስተኛ ፎቅ ነበር የምበላው። ኮቴሽን ስሰማ ነበር ሮጬ የምቀመጠው።»

«ለምን ብለው?»

«ካነሳሁትማ ሟርቱን ተቀበልኩት ማለት ነዋ። ኮሚቴው ፊትስ ምን ልበል? ‹ይጮህ ነበር› ብል ‹ታዲያ ለምን ዝም አልክ› አይሉኝም? ልጆች አሉኝ። የመዝጊያውን ነገር እንዳልነገርሽብኝ አውቃለሁ፤ አላህ ያውቅልሻል።»

«እኔስ?» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «እርስዎ በግ ሲያርዱ እኔ እዚህ ጓንት ስቆጥር! አንድ ቃል፣ አባባ! አንድ ቃል ነበር የፈለግኩት!»

አንገታቸውን ደፉ። «ዱዓ አስደርጌልሻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ስምሽን አልጠራሁም፣ ነገሩ እንዳይታወቅ። ‹ሕይወቴን ያተረፈችልኝ አንዲት ልጅ አለች፤ አፏ ክፉ ነው፣ ልቧ ደግ ነው፣ አላህ እሷንም ልጆቿንም ይጠብቅልኝ› አልኩ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሁሉም አሜን አለ።»

ምን ይባላል? ስድስት ወር ሙሉ ኮሚቴ ያልፈረመልኝን ነገር፣ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሥጋ እየበላ መስክሮልኛል፤ ስለ ማን እንደሆነ ሳያውቅ።

«በግ ታርዶ ለእኔ አንድ ጎድን እንኳ አይላክም?» አልኳቸው።

«እንዴት ልላክ ልጄ? ‹ስለ ምን ታረደ› ብትይኝ ምን ልል ነው?»

ጓንታቸውን ሰጠኋቸው። ፈረሙ። ደረጃውን ቀስ ብለው ሲወጡ፣ የእግራቸው ኮቴ ፎቅ በፎቅ እየራቀ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጥኩ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁና፣ የግራሶ ጣሳዎቹ መሃል ለብቻዬ ቆሜ፣ «አሜን» አልኩ።